ጠብታ ዘይት ጨዋታ ስትበላ፡- ቱርቦ መኪና በሐይቅና በአምባሰል መንገድ

ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የወልድያው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም ሲመረቅ የአዲስ አበባ ኳስ አፍቃሪ አንድ አዲስ ልማድ አመጣ፡፡ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ሜዳ ከመዲናዋ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰሜን ወሎ ላይ ተሰርቷልና፣ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለማየት ሌሊት ተነስቶ መንገድ መግባት ግድ ሆነ፡፡ ወልድያ በሊጉ በነበረባቸው በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ውድድሮች ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ የደረሰ ደጋፊ ‹‹እፎይ!›› ሊል ይችላል፡፡ ግን ገና ነው፡፡ ሐይቅ አለ፣ ውጫሌ አለ፣ ውርጌሳና መርሳ አሉ፡፡ ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፡፡

ደጋፊ ከመነሳቱ በፊት የሚያጣራው ነገር ብዙ ነው፡፡ ማን ተጎዳ? ማን በካርድ ተቀጣ? አሰልጣኙ በሁለት አጥቂ ነው የሚገባው ወይስ በአንድ? ዳኛውስ ማን ነው? ማሊያው ይታጠባል፣ ጥሩንባው ይፈተሻል፣ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ይገዛል፡፡ የሚሳፈርበት መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ‹‹ዘይት ያንጠባጥባል ወይ?›› የሚል ሰው ግን ከመቶ አንድ አይገኝም፡፡ ኋላ መኪናው ሐይቅ ከተማ ላይ ጥጉን ይዞ ሲቆም ሁሉም መካኒክ ይሆናል፡፡

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ በዚህ መንገድ ጨዋታ የሚያስመልጠው ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም፡፡ ከአንዲት የመዳብ ቀለበት ሥር የምትወጣ ጠብታ ዘይትም ታስመልጣለች፡፡ ቀለበቷን መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የናቃት ሰው ደግሞ ቱርቦውን ሊቀይር፣ ከባሰም መኪናውን በእሳት ሊያጣ ይችላል፡፡

ቱርቦ ለምን አስፈለገ?

የድሮ ሾፌሮች ፊያት ኤንትሬ ሲነዱ ቱርቦ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፡፡ ዳገት ላይ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ መኪናው ያጓራል፣ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ይዞ በእግሩ ይከተላል፡፡ ዘመኑ ተቀየረ፡፡ ሕዝቡ ‹‹አባዱላ›› እያለ የሚጠራቸው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ‹‹2ኬዲ›› እና ‹‹1ኬዲ›› የተባሉት ባለ 2.5 እና ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተሮች ቱርቦ አላቸው፡፡ ሁሉም ሃይኤስ ግን ቱርቦ አይደለም፤ ‹‹5ኤል›› የሚባለው ሞተር ያለ ቱርቦ ነው የሚሰራው፡፡ ከሁለቱ የትኛው ላይ እንደተሳፈሩ ማወቅ ከፈለጉ ዳገት ላይ ጆሮ ይስጡ፤ ቱርቦ ያፏጫል፡፡

አሰራሩ ቀላል ነው፡፡ ሞተሩ አቃጥሎ የሚያስወጣው ጭስ በማርሚታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፡፡ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ማራገቢያ ደግሞ ንጹህ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል፡፡ አየር ሲበዛ ናፍጣው በደንብ ይቃጠላል፣ ጉልበት ይጨምራል፡፡ ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው፡፡

ለእኛ አገር ነገሩ ቅንጦት አይደለም፡፡ የውጭ ክለቦች አዲስ አበባ ስታዲየም ሲመጡ ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይተናል፡፡ ሞተርም እንደዚያው ነው፡፡ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል እዚያው ያጣል ማለት ነው፡፡ ቱርቦው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ያመጣለታል፡፡ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውና በአንደኛ የሚንፏቀቀው ልዩነታቸው በአብዛኛው ይኸው ነው፡፡

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ጉልበት ዋጋ ይከፈላል፡፡ ሞተሩ በደቂቃ ሁለት ሺህ ወይም ሦስት ሺህ ጊዜ ሲዞር ቱርቦው ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፡፡ እንዲህ የሚሽከረከረው ዘንግ ኩሽኔታውን ነክቶ አይደለም የሚዞረው፡፡ በጣም ስስ በሆነ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው፡፡ ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይገናኛል፡፡ በዚያ ፍጥነት ብረት ከብረት ከተገናኘ የሚተርፍ ነገር የለም፡፡

ማኬሌሌን የሸጠ ክለብ

በ2003 እ.ኤ.አ. ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ገዝቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ፡፡ ማኬሌሌ ጎል አያገባም፣ ረጅም ኳስ አይጥልም፣ ማሊያው እንደ ቤካም አይሸጥም፡፡ የሚሰራው ኳስ መንጠቅና ለባለ ዝናዎቹ ማቀበል ነው፡፡ ያኔ ዚነዲን ዚዳን ‹ሞተሩ ከጠፋ ለቤንትሌይ የወርቅ ቀለም መደራረብ ምን ይጠቅማል› የሚል ሐሳብ መናገሩ በዓለም ሁሉ ተዘግቧል፡፡ ማድሪድም እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የላሊጋ ዋንጫ አላነሳም፡፡

በቱርቦ ሞተር ውስጥ ቤካሙ ቱርቦው ነው፡፡ ያፏጫል፣ ይታያል፣ ሾፌሩ ይኮራበታል፡፡ ማኬሌሌው ደግሞ ከሞተሩ ጎን ተነስታ ወደ ቱርቦው የምትሄደው የእርሳስ ውፍረት ያላት የዘይት ቱቦ ናት፡፡ ጫፏ ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎን አለ፡፡ የቱቦዋን ዓይን ከላይና ከታች ይዘው ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርጉት ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ናቸው፤ ሮንዴላ የሚባሉት፡፡ ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም፡፡

ሐይቅ ላይ ሲቆም

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናት፡፡ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው፡፡ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የነበሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፡፡ ለመንገደኛ ደግሞ ሐይቅ ማለት የአሳ ጥብስ ማለት ነው፡፡ ደጋፊ የጫነ መኪና እዚህ ሲቆም ተሳፋሪው በሁለት ይከፈላል፡፡ ግማሹ አሳ ፍለጋ ይሄዳል፣ ግማሹ ኮፋኖ ዙሪያ ተሰብስቦ ምክር ይሰጣል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ይሻላሉ፡፡

የሾፌርና የመካኒክ ንግግር በዚህ መስመር ላይ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፡፡

‹‹ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?›› ይላል ወጣቱ መካኒክ፡፡

‹‹ትናንት ማታ ነው ያየሁት፡፡ ትንሽ ናት፡፡ እኔ ዘይት እየጨመርኩ እደርሳለሁ ብዬ ነበር፡፡››

‹‹ትንሽስ አይደለችም፡፡ ጠረኗ ይሸታል፤ የተቃጠለ ዘይት ነው፡፡ አብሽር፣ እናያታለን፡፡ ግን ሞተሩ ይቀዝቅዝ፡፡››

‹‹ልጄ፣ ጨዋታው በዘጠኝ ሰዓት ነው!››

‹‹ይቀዝቅዝ ጋሼ!››

ሾፌሩ ‹‹ትንሽ ናት›› ያላት ጠብታ ሒሳብ ቢሠራላት እንዲህ ነው፡፡ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ግድም ነው፡፡ በሰከንድ አንድ ጠብታ ብትወርድ በሰዓት 3,600 ጠብታ፣ ማለትም 180 ሚሊ ሊትር ይሆናል፡፡ ከአዲስ አበባ ወልድያ አስር ሰዓት ቢፈጅ ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ዘይት አስፋልት ላይ ቀረ፡፡ በብዙ መኪኖች ላይ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ያህል ነው፡፡ ስለዚህ ሙሉ ሆኖ የተነሳው መኪና ደሴ ሳይደርስ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል፡፡ ቆሞ ጠብ ጠብ የሚለው ደግሞ ሞተሩ ሲሮጥና ግፊቱ ሲጨምር በመስመር ሊወጣ ይችላል፡፡

ብዙ ሾፌር ‹‹የዘይት መብራቷ አልበራችም እኮ›› ብሎ ይጽናናል፡፡ ያቺ ቀይ መብራት የምትበራው የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ እንጂ መጠኑ ሲቀንስ አይደለም፡፡ እሷ እስክትበራ ድረስ መጠበቅ ማለት ዳኛው ቀይ ካርድ ካወጣ በኋላ ጥፋት ላለመሥራት መወሰን ነው፡፡

ከየት ነው የሚመጣው?

የችሎታ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፡፡ ዘይት ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፡፡ ስለዚህ ጠብታው የሚታይበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም፡፡ ቱርቦው ሥር ዘይት ያየ ችኩል መካኒክ ‹‹ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር›› ይላል፡፡ ባለ መኪናው ብድር ፍለጋ ይሄዳል፡፡ ኋላ ሲታይ ዘይቱ የመጣው ከቴስታታው ሽፋን ጓርኒሲዮን ሆኖ ይገኛል፤ ከላይ ወርዶ ቱርቦው ላይ አርፏል፡፡ ሐቀኛ ሆኖ ያልተማረ፣ ወይም የተማረ ሆኖ ሐቀኛ ያልሆነ መካኒክ እጅ ላይ መውደቅ ከዘይቱ የባሰ ነው፡፡

ትክክለኛው አካሄድ አሰልቺ ነው፤ ግን ይሰራል፡፡ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አካባቢው በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያም በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፡፡ ኤሌክትሪክ ነገሮች ላይ ውሃ አይደፋም፡፡ የደረቀው ብረት ላይ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ብን ብን ይደረጋል፡፡ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ በቆመበት ይሰራል፣ ጥቂት መንገድም ይነዳል፡፡ ዘይቱ ነጩ ላይ ቡናማ መስመር ይሥላል፡፡ መስመሩን ወደ ላይ መከተል ነው፤ ያበቃበት ቦታ ምንጩ ነው፡፡ የሞባይል ስልክ ባትሪና አንዲት ትንሽ መስታወት ካሉ እጅና ዓይን የማይደርስበት ጥግ ሁሉ ይታያል፡፡

ተጠርጣሪዎቹ ብዙ አይደሉም፡፡ ዘይት የምታስገባው ቱቦ ቀለበቶች፣ ዘይት የምትመልሰው ወፍራም ቱቦ፣ ከላይ የተጠቀሰው የቴስታታ ሽፋን፣ የዘይት ፊልትሮው ላስቲክ፡፡ የመጨረሻው ላይ የሚያስቅ ስህተት አለ፤ አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ላስቲኩ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ ከነላስቲኩ በላዩ ላይ ይታሰራል፡፡ ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ ዘይት አይዝም፡፡ በአየር ማስገቢያው ማኒኮቶ ውስጥ ስስ የዘይት እርጥበት መታየቱ ግን ብቻውን አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሚተነፍስበት ቱቦ የሚመጣ ነው፡፡ ፋሼታው ላልቶ ከሆነ ማጥበቅ በቂ ነው፡፡

17 ቁጥር

ጥፋተኛዋ የመዳብ ቀለበት ናት እንበል፡፡ ብሎኑ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ በ17 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፡፡ የውጫሌ መንገድ ላይ 17 ቁጥር ሲነሳ ደግሞ ታሪክ ያለው ቁጥር ነው፡፡ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ያጣላው በ17ኛው አንቀጽ ነበር፡፡ አማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መገናኘት ትችላለች ሲል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፤ መጨረሻው አድዋ ሆነ፡፡ የመኪና መጽሐፍም አንድ ግዴታ አለው፤ ይህ ብሎን በተፈታ ቁጥር ቀለበቶቹ አዲስ ይሆናሉ፡፡ ይህንን ‹‹መቀየር ይቻላል›› ብሎ የሚያነብ መካኒክ ብዙ ነው፡፡

ለምን አዲስ? መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የብረቱን ጭረት ሁሉ ይሞላል፡፡ አንዴ ከተጨፈለቀ ግን ይጠነክራል፣ ለሁለተኛ ጊዜ አይታዘዝም፡፡ አዲስ ቀለበት ሐይቅ ላይ ካልተገኘ የድሮ መካኒኮች ዘዴ አለ፡፡ ቀለበቷን በፒንሳ ይዞ እሳት ላይ ቀይ እስክትሆን ማጋልና ማቀዝቀዝ፡፡ መዳብ እንደ ብረት አይደለም፤ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ ይለሰልሳል፡፡ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በስስ ሸራ ወረቀት ታሽታ ትመለሳለች፡፡ ወልድያ ታደርሳለች፣ ደሴም ትመልሳለች፡፡ ከዚያ በኋላ አዲስ መግዛት ነው፡፡

እዚህ ላይ ሁለት ክልክል አለ፡፡ አንደኛው ሲሊኮን ነው፡፡ አገራችን ውስጥ ዘይት ያፈሰሰ ነገር ሁሉ ሲሊኮን ይቀባል፡፡ በዚህ ቱቦ ላይ ግን ትርፉ የተጨመቀው ሲሊኮን ተቆርሶ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፡፡ ወደ ቱርቦው የሚገባው የዘይት ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ትዘጋዋለች፡፡ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመው ነጭ ፕላስተርም ያው ነው፡፡ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፣ ቱርቦውም ዘይት ማግኘቱን ያቆማል!

ሁለተኛው ጉልበት ነው፡፡ ‹‹በደንብ አጥብቀው!›› የሚል ደጋፊ ከኋላ አይጠፋም፡፡ ብሎኑ ውስጡ ክፍት ስለሆነ እንደ ሌላው ብሎን ጠንካራ አይደለም፡፡ መጽሐፉ ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ መፍቻ ማጥበቅ ነው፡፡ መፍቻው ከሌለ አጭር ቁልፍ በአንድ እጅ፡፡ በመፍቻው ላይ ቧንቧ አስረዝሞ የሚስበው ሰው ብሎኑን ከበጠሰው ጨዋታው እዚያው ሐይቅ ላይ አለቀ፤ የተበጠሰ ብሎን ከቱርቦ ውስጥ ማውጣት ከ90 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፡፡

ቀለበቱ ከተቀየረ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘላት አንዲት ሥራ አለች፡፡ ቱቦው ሲፈታ ውስጡ የነበረው ዘይት ወጥቷል፡፡ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት በቱርቦው የዘይት ቀዳዳ ጥቂት ንጹህ ዘይት ይንጠባጠብበታል፡፡ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ለአጭር ጊዜ በሞተሪኖ ይዞራል፡፡ ሲነሳም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ በቆመበት ይሰራል፡፡ ቁልፉን አዙሮ ወዲያው ‹‹ቩም!›› የሚያደርገው ሾፌር የታደሰውን ነገር መልሶ እያረጀው ነው፡፡

ሰማያዊው ጭስ

ቀለበቱ አዲስ ሆኖ፣ ውጪው ደርቆ፣ ዘይት ግን እየጎደለ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ነገሩ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፡፡ እዚህም ‹‹ቱርቦ ይቀየር›› ከመባሉ በፊት የመመለሻው ቱቦ መታየት አለበት፡፡ ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በግፊት ነው፤ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ወርዶ ነው፡፡ ቱቦው ከታጠፈ፣ በከሰለ ዘይት ከተዘጋ ወይም ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከተሞላ መውረጃ ያጣል፡፡ መውረጃ ያጣ ዘይት በዘንጉ ጥግ አልፎ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ጭስ መውጫው ይገባል፡፡ ‹‹ለመንገዱ ትንሽ ትርፍ እንጨምርበት›› የሚሉ ሾፌሮች ይህንን ያስቡበት፡፡

የኬዲ ሞተሮች ደግሞ የራሳቸው የታወቀ ሕመም አለባቸው፡፡ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ መቀመጫዎች ሲያፈስሱ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፡፡ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ዝቃጩ ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፡፡ ወንፊቱ ከተደፈነ ቱርቦው ውጪ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ በጥም ይሞታል፡፡ ዘይት ሲቀየር ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር ከወጣ ያ ምልክት ነው፡፡

የቱርቦው የራሱ ጤና የሚታወቀው ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የአየሩ ማኒኮቶ ተፈትቶ ማራገቢያው በጣት ሲነካ ነው፡፡ ወደ ጎን በጣም ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው፡፡ ቅጠሎቹ ግድግዳውን ከነኩ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ ግን ቀለበት መቀየር አያድነውም፤ ያኔ እውነትም ጊዜው ደርሷል፡፡

ይህን ምርመራ መዝለል የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም፡፡ የናፍጣ ሞተር የሚሄደው የሚቃጠል ነገር እስካገኘ ድረስ ነው፡፡ የቱርቦው ማገጃ ጨርሶ ከሄደ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ፍጥነቱን ይጨምራል፡፡ ሾፌሩ ቁልፉን ያጠፋል፤ ሞተሩ አይጠፋም፡፡ ሲሆን መኪናው እንደቆመ ፍሬን ተረግጦ፣ ከፍተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተለቆ ታንቆ መጥፋት አለበት፤ ወይም የአየር ማስገቢያው በጠንካራ ነገር ይደፈናል፤ በእጅ ግን በፍጹም፡፡ ሌላው እሳት ነው፡፡ ሐረጎን ጭኖ የወጣ መኪና የቱርቦው የጭስ ወገን ከ600 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፡፡ በዚህ ላይ ዘይት ሲረጭ ለመቀጣጠል ክብሪት አይፈልግም፡፡ ከጋቢናው ሥር ሞተር፣ ከሞተሩ በላይ ሰው በተቀመጠበት ሚኒባስ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለደጋፊ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሲመጣ ‹‹መስኮት ክፈቱ›› ሳይሆን ‹‹ወራጅ አለ!›› ማለት ያሻል፡፡

ቢጫዋ ጀበና

በጠብታ ዘይት መቸገር የወሎ መንገድ ብቻ ዕጣ አይደለም፡፡ ሬኖ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲልቨርስቶን ላይ የመጀመሪያዋን የቱርቦ መኪና ወደ ፎርሙላ ዋን ሲያስገባ ቱርቦዋ ተበላሽቶ ውድድሩን አልጨረሰችም፡፡ በቢጫ ቀለሟና በምትለቀው ጭስ የተነሳ እንግሊዞቹ ‹‹ቢጫዋ የሻይ ጀበና›› እያሉ ሳቁባት፡፡ ሬኖዎች ግን ቁጭ ብለው ዘይቱንና ሙቀቱን አስተካከሉ፡፡ በ1979 እ.ኤ.አ. ዣን ፒየር ዣቡይ ዲዦን ላይ የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ አሸነፈባት፡፡ በ1983 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ፒኬ በብራባም ቢኤምደብሊው በቱርቦ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሾፌር ሆነ፡፡ በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴናና ፕሮስት የነዱት ማክላረን ሆንዳ ከ16 ውድድር 15ቱን ወሰደ፡፡ የሳቁት ሁሉ ቱርቦ ገዙ፡፡ በ1989 እ.ኤ.አ. ታገደ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ተመለሰ፡፡

ለእኛ የሚቀርበው ግን የጎረቤታችን የኬንያ የሳፋሪ ራሊ ነው፡፡ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያሸነፈችው ቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ ነበረች፤ ሁለቱን ብዮርን ቫልደጎርድ፣ አንዱን ዩሃ ካንኩነን፡፡ በዚያ አቧራና ጉድጓድ ውስጥ ያደረሳት የሾፌሩ እግር ብቻ አይደለም፤ በየጣቢያው መኪናዋ ሥር የሚገቡት መካኒኮች ጭምር ናቸው፡፡ የሐይቁ መካኒክ የእነሱን ያህል መሣሪያ የለውም፣ ሥራው ግን ያው ነው፡፡

የፈሰሰው የት ይሄዳል?

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፡፡ መኪናው ሥር የተፈታው ጥቁር ዘይት ብዙ ጊዜ ቦይ ውስጥ ይደፋል፡፡ ሐይቅ ከተማ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይከፋል፡፡ የሐይቁ ውሃ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፡፡ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፡፡ አሳውን የሚበላው ደጋፊ ዘይቱን ያፈሰሰው መኪና ተሳፋሪ ነው፤ ስለዚህ ራሱን ነው የሚጎዳው፡፡ አሮጌ ጀሪካን ይዞ ዘይቱን እዚያ መቀበል ለረዳቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፡፡

‹‹ንዳው!››

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መንገዱ የአምባሰልን ተራሮች ይዞ ይሄዳል፡፡ ለቅኝቱ ስም የሰጠው፣ ማሪቱ ለገሠ ያንጎራጎረችለት፣ ግሸን ማርያም ያለችበት አምባሰል ነው፡፡ መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ሾፌሩ ግን ለማየት ጊዜ የለውም፡፡ ከኋላው ሃያ ሰው ‹‹ንዳው! ንዳው!›› ይላል፡፡ መካኒኩ ‹‹ሰላሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ውጫሌ ላይ ቁመህ እይ›› ብሎታል፡፡ ደጋፊው ደግሞ አሰላለፉ ሊነበብ ነው ይላል፡፡

ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፡፡ ኮንትራቱን የሰጡት እነሱ ናቸው፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ኮንትራት የሚሰጡትም እነሱ ናቸው፡፡ ‹‹ዘይት ላይ ብሎ አስመለጠን›› የሚል ስም ከወጣለት ሌላ ሾፌር ይጠራሉ፡፡ ስለዚህ የደጋፊ ማኅበር አስተባባሪዎች የመነሻ ሰዓት ሲቆርጡ አንድ ሰዓት ለመኪናው ቢተዉለት ሾፌሩ በሰው ፊት አይለምንም ነበር፡፡ ቦሎ መለጠፉ ብቻ አይበቃም፤ ቦሎ በዓመት አንዴ ነው፣ ጠብታው ግን ትናንት ማታ ነው የጀመረው፡፡

ውጫሌ ላይ የሚቆም ሾፌር ብዙ አይቆይም፡፡ ሜዳማ ቦታ ይመርጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ካርቶን ከሥር ያነጥፋል፡፡ ተሳፋሪው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ መለኪያው ይወጣል፣ በጨርቅ ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ይነበባል፡፡ ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ መንገድ ነው፡፡ አንዲት ሁለት ጠብታ ካረፈችበት ከማጠቢያው የተረፈ ሊሆን ስለሚችል ተጠርጎ መርሳ ላይ ደግሞ ይታያል፡፡ እያደገች ከሄደች ግን ከውጫሌ ሌላ መኪና መለመን ይሻላል፡፡

ወልድያ ስታዲየም በር ላይ ሲደረስ ደጋፊው መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ ይዘላል፡፡ ሾፌሩ ያን ጊዜም ቁልፉን ወዲያው አያጠፋም፡፡ ዳገት ወጥቶ የጋለ ቱርቦ ዘይቱ በድንገት ከቆመበት ውስጡ የቀረው ዘይት ይከስላል፡፡ የከሰለው ነው በሚቀጥለው ወር የመመለሻ ቱቦውን የሚደፍነው፡፡ ስለዚህ ከስታዲየሙ ውስጥ ጩኸቱ እየተሰማው፣ ማን እንዳገባ ሳያውቅ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፡፡